ከመታጠፊያዋ ወዲያ

መንገድ የሚያሳጥር ሰው የሌለበት ከተማ የለም። መሐንዲሱን ማለቴ አይደለም፤ በአፉ የሚያሳጥረውን ነው። "ሩቅ ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁት አድማሱን የጎረቤት አጥር አስመስሎ በጣቱ እየጠቆመ "እዚህች ጋ ነው" ይላችኋል። ትሄዳላችሁ። ተረከዛችሁ ይላጣል፣ ውሃችሁ ያልቃል፣ ሆዳችሁ ይጮኻል፤ ቀና ስትሉ ያው ሰውዬ፣ ያው ጣት፣ ያው ቃል። በዚህ ሰበብ እስካሁን አንድም ሰው አለመገደሉ የሰው ልጅ ምን ያህል ታጋሽ እንደሆነ ያሳያል።

የኛው፣ የሆልምዴሉ፣ ክቡር አቶ ሄልመር ሩስታድ ይባላሉ፤ የረቡዕ ተጓዦች ማኅበር መሥራች፣ ሊቀ መንበርና የዕድሜ ልክ መንገድ መሪ። እኛ ዊስኮንሲኖች ትልቁንም ትንሹንም አንተ እያልን ነው የምንኖረው፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ እኔም አንተ እላቸዋለሁ። እዚህ ጋዜጣ ላይ አንቱ የምላቸው ከቁመታቸው የጎደለውን በማዕረግ ልሙላላቸው ብዬ ነው።

አቶ ሄልመር ዕድሜያቸውን የጨረሱት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ነው። ልጆቼን ያመላለሷቸው እሳቸው ናቸው። አንድ የበረዶ ቀን አውቶቡሱ ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ተጋደመ። ልጆቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ሲያለቅሱ፣ ሾፌሩ መሪያቸውን እንደጨበጡ ዞር ብለው "ደርሰናል እኮ፤ ከመታጠፊያዋ ወዲያ ነው" አሏቸው። ታናሿ ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ሆናም ይህን ስታወራ "እማዬ፣ አመንነው እኮ" ትላለች። ጎማው አየር ላይ እየተሽከረከረ ነው ያመኑት።

ከሆልምዴል ወደ ጎረቤት ከተማ ስታርክ የሚወስደው መንገዳችን ድሮ የባቡር ነበር። ባቡሩ ከሰረና ቀረ፣ ሐዲዱ ተነቀለ፣ ጠጠር ተደለደለበትና የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ። ጠዋት የተነሳ ሰው ደህና እግር ካለው ከሰዓት በኋላ ስታርክ ይገባል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ "ከመታጠፊያዋ ወዲያ" ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሄደበት ብቻ ነው። ባቡር እንደ ፍየል ድንገት አይታጠፍም። እንደ ግትር ባል ቀስ ብሎ፣ መታጠፉን ለማንም ሳያሳውቅ ነው የሚታጠፈው። መታጠፊያዋ ፊት ለፊታችሁ ትታያለች፤ ትሄዳላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፤ አሁንም ፊት ለፊታችሁ ናት። አቶ ሄልመር ይህን ያውቃሉ። ለዚህም ነው የመረጧት።

በየመኪና ማቋረጫው አጠገብ ደግሞ የባቡር ነጂው ፊሽካ እንዲነፋ የተተከለ ምሰሶ አለ። ባቡሩ ከቀረ ስንት ዘመኑ። አቶ ሄልመር ግን ምሰሶው ጋ ሲደርሱ ቆብ ያወልቃሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ በአፋቸው ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ያፏጫሉ።

"ለማን ነው የምታፏጨው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ለላሞቹ። ለምደውታል።"

የሚገርመው፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ላሞች እውነትም ቀና ይላሉ።

ማኅበራችን ውስጥ የእሳቸው ዋና ባላንጣ ቨርሊን ነበር፤ ጡረታ የወጣው ፋርማሲስት። ቨርሊን ዕድሜውን ሙሉ ክኒን ሲቆጥር የኖረ ሰው ነውና ያልተቆጠረ ነገር አይወድም። የአቶ ሄልመር ቃል ሲያቃጥለው ጊዜ የተሄደውን መንገድ የሚለካ ሰዓት ገዛ፤ በሚቀጥለው ረቡዕ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ገና ትልቁ ድልድይ ጋ ሳንደርስ አቶ ሄልመር "ደርሰናል እኮ" ሲሉ ክንዱን ዘረጋላቸው።

"ሄልመር፣ ሰዓቴ ገና ግማሹንም አልሄዳችሁም ይላል።"

አቶ ሄልመር ሰዓቱን በአክብሮት አዩት። "ቆንጆ ነው። ስታርክ ስንት ጊዜ ሄዷል?"

"ምን፣ ሰዓቱ? ቅዳሜ ነው የገዛሁት።"

"እንግዲያማ መንገዱን አያውቀውም ማለት ነው" ብለው ቆባቸውን ደፉና ቀጠሉ።

ቨርሊን ያን ቀን እስከ ስታርክ ከሰዓቱ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አልተነጋገረም።

ፓስተራችንም አንድ ጊዜ አብራን መጥታ ነበር። አዲስ የተሾመች ወጣት ሴት ናት፤ ያላዩትን ማመን ሥራዋ ነው። መንገዱ መሀል ላይ ባቡሩ ኮረብታውን ሰንጥቆ ያልፍበት የነበረ ረጅም ዋሻ አለ። ስትገቡ ከወዲያ በኩል ያለው መውጫ የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ይታያችኋል። ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ የእጅ ባትሪያችሁ ከጫማችሁ በቀር ምንም አያሳያችሁም። አቶ ሄልመር መግቢያው ላይ ቆመው "ብርሃኑ ታየሽ አይደል? እንግዲህ ደርሰናል" አሏት። ሄደች። ቁልፏ ቁልፍ እንደሆነች ናት። ሄደች፣ ሄደች፤ ውሃው አንገቷ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ወደ ቀኑ ብርሃን ስንወጣ ዞር አለችና "ሄልመር፣ እኔ ስለ መንግሥተ ሰማያት እንዲህ ብሰብክ ምዕመኑ በድንጋይ ይወግረኝ ነበር" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ የታመመ ትጠይቃለች።

ሰው ዝሎ መሬት ላይ ዘጭ ሲል ደግሞ ሌላ መላ ነበራቸው። ከደረት ኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ የድንች ቂጣ ያወጣሉ፤ ቅቤና ስኳር ተቀብቶ የተጠቀለለውን። እንደ በግ ነጂ እያሳዩ ወደ ፊት ይሄዳሉ። "የምንበላው እዚያች ዛፍ ሥር ነው።" ዛፏ ስትደርስ ያቺ ሳትሆን የሚቀጥለዋ ትሆናለች። ቂጣውን ራሳቸው ናቸው የሚጋግሩት፤ ዳር ዳሩ ያራል። ድሮ የምትጋግረው ኦርፋ ነበረች።

አሁን ስለ ኦርፋ መናገር አለብኝ። እስካሁን ያልተናገርኩት ከተማው ሁሉ የማይናገረው ነገር ስለሆነ ነው።

ኦርፋ የአቶ ሄልመር ሚስት ናት። ካቻምና ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ ሰነፈ። ሆልምዴል መጦሪያ የለም፤ ያለው ስታርክ ነው። የወሰዷት ቀን መኪና ውስጥ "ሩቅ ነው ሄልመር?" ብትላቸው ምን እንዳሏት መገመት አያቅታችሁም። በየሳምንቱ እመጣለሁ ብለውም ቃል ገቡላት። ወሩ ሳይሞላ ግን ዓይናቸው ከዳቸው። መኪናቸውን የፓስተሯ የአበባ መደብ ላይ አቆሙና፣ እሱስ ባልከፋ፣ ይህ የመኪና ማቆሚያ ነው ብለው ከፓስተሯ ጋር ተከራከሩ። መንጃ ፈቃዳቸው ተወሰደ። በዚያ ላይ ልባቸው አያስተማምንምና ሚኒያፖሊስ ያለችው ልጃቸው ብቻቸውን መንገድ እንዳይወጡ ቃል አስገባቻቸው።

"ታዲያ አንድ ጎረቤት መኪና ያለው ጠፋ?" ትሉ ይሆናል። ይህን የምትሉት የኛን አገር ሰው ስለማታውቁት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሦስት ጊዜ ይጋበዛል። የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ነገሩ የሚቆረጠው ሦስተኛው ላይ ነው፤ "እንግዲህ ካላችሁ" ያለ ተጋበዘ፣ "አይ" ያለ አልፈለገም። አራተኛ መጠየቅ የሰው በር ገፍቶ እንደመግባት ነው። ነፍሱን የሚያድነው እንኳ ቢሆን አራተኛ የሚጠይቅ የለም።

እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ባሌ ዱዌን ወደ ስታርክ የሚሄድበት ቀን ነበር።

"ሄልመር፣ ዱዌን ስታርክ ይሄዳል፤ አብረኸው ለምን አትሄድም?"

"አይ፣ አላስቸግረውም።"

"ምን ችግር አለው፣ መንገዱ ነው።"

"አይ፣ እኔም ዛሬ ጓሮ ሥራ አለኝ።"

ጓሯቸው በበረዶ ተቀብሯል፤ አጥሩ እንኳ አይታይም።

"ቦታ አለ እኮ ሄልመር።"

"አይ፣ ደህና ነኝ፤ ይመስገን።"

ሦስት። አለቀ። ዱዌን ብቻውን ሄደ። ቨርሊንም ሦስት ጊዜ ጠየቀ፣ ፓስተሯም ሦስት ጊዜ ጠየቀች፣ አቶ ሄልመርም ሦስት ሦስቱን ጊዜ ደህና ነበሩ። ከተማው የድርሻውን ተወጣ፤ ሰውዬው መስኮታቸው ሥር ቁጭ ብለው ከረሙ።

በረዶው እንደቀለጠ ቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የረቡዕ ተጓዦች ማኅበር ይባላል፣ ለጤና ጥሩ ነው፣ መነሻ ሆልምዴል፣ መድረሻ የስታርክ መጦሪያ እንግዳ መቀበያ፤ "ምክንያቱም እዚያ ቡና በነጻ ይሰጣሉ" ይላል። መመለሻ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና፣ ሾፌር ዱዌን። ይህኛው ውለታ አልነበረም፤ የማኅበር መጓጓዣ ነው። ማኅበሩ ደግሞ የእሳቸው ነው።

ሰው መኪና መለመን አፍሮ ማኅበር ሲያቋቁም እስቲ የት አይታችኋል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ለምን እንደሆነ ያላወቀ ሆልምዴል ውስጥ አልነበረም። የተናገረም አልነበረም። ሄደን ተመዘገብን። ረቡዕ ረቡዕ እግራችን እየተላጠ ስታርክ እንገባለን። የመጨረሻው ምሰሶ ጋ አቶ ሄልመር ፉጨታቸውን ከጨረሱ በኋላ ማበጠሪያ አውጥተው የቀረቻቸውን ጸጉር ወደ ጎን ያስተኛሉ። እኛ ታች ያንን ቀለም ብቻ የሆነ ቡና ስንጠጣ እሳቸው "እስቲ ላይ ቤት ያለችውን ሰላም ብዬ ልምጣ" ይላሉ፤ ድንገት ትዝ ያላቸው ይመስል።

ግን ይሉኝታም ጉልበት ይፈልጋል። ሰኔ ላይ ብዙ ነበርን። ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ገሚሱን ወሰደ፤ መስከረም ላይ የበቆሎ አጨዳው ሌላውን። ውሸቱም የራሱን ድርሻ ወሰደ። ሰው መድከሙን ይችለዋል፤ ደክሞት ሳለ "ደርሰሃል" መባልን ነው የማይችለው። "ሄልመር፣ አንድ ቀን እንኳ ሩቅ ነው በል፤ ሰው ራሱን ያዘጋጅ" ብዬ ለመንኳቸው። "ሩቅ ካልኳቸው ማን ይመጣል?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ማኅበሩ ከፈረሰ እሳቸው ስታርክ አይደርሱም፤ ኦርፋም መስኮት መስኮቱን ስታይ ትቀራለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

ኅዳር ገባ። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ዋሻው ሊዘጋ ነው። በየዓመቱ ውርጭ ድንጋዩን እንዳይሰነጥቀው በሁለቱም አፉ ያሉት የእንጨት በሮች ይዘጋሉ፤ የሚከፈቱት በረዶው ሲቀልጥ ነው። ከዋሻው ሌላ ያለው መንገድ የከባድ መኪና አውራ ጎዳና ነው፤ እዚያ ላይ ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ የለም። ስለዚህ ያ ረቡዕ የመጨረሻው ነበር።

ከሌሊት ጀምሮ ይዘንባል። ቀጭን፣ ቀዝቃዛ፣ ቶሎ የማያቆም ዝናብ። ቨርሊን ደውሎ ጉልበቱን እንዳመመው ነገረኝ። ሌሎቹ መደወልም አላስፈለጋቸውም። እኔም የምቀርበትን ሰበብ እየፈለግሁ መስኮቱን ገለጥ ሳደርግ አየኋቸው፤ መንገዱ አፍ ላይ፣ አዳኝ አጋዘን መስሎት እንዳይተኩስ የምናደርገውን ብርቱካንማ ቆብ ደፍተው፣ ብቻቸውን ዝናብ ላይ ቆመዋል። የሚመጣ ሰው ካለ ብለው ወደ ከተማው ያያሉ። ጫማዬን አጠለቅሁ።

"ብቻሽን ነሽ?" አሉኝ።

"ብቻዬን ነኝ።"

"ይሻላል። ሰው ሲበዛ መንገድ ይረዝማል።"

ማሳው ታጭዶ የአገዳው ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ያረጁት የላም በረቶች ጣሪያቸው ጎብጦ ሰማዩ የተጫናቸው ይመስላሉ። የመጀመሪያው ምሰሶ ጋ ደረስን። ቆባቸውን አወለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ቆባቸውን መልሰው አደረጉ። አላፏጩም። ሁለተኛው ጋ ቆባቸውንም አላወለቁም። ላሞቹ ቀና ብለው ጠበቁ። እኔም ሳልወድ በግዴ ያን ፉጨት ናፈቅሁ፤ ለወራት ጆሮዬን ሲበላኝ የከረመውን።

ዋሻው ውስጥ ገባን። መሀሉ ላይ ሳንደርስ አልቀርም፣ የእጅ ባትሪያቸው ብርሃን ከኋላዬ ቆመ። ዞር ብዬ ሳበራ አቶ ሄልመር ከግድግዳው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ከኪሳቸው ካለች ትንሽ ብልቃጥ የልብ ክኒን አውጥተው ምላሳቸው ሥር አደረጉ። ውሃው ይንጠባጠባል። ፈራሁ። ስልክ እዚያ አይሠራም፤ ትቻቸው ብሄድ በጨለማ ይቀራሉ፣ ብቀመጥ ሁለታችንም እንበርዳለን።

ብዙ ቆይተው፣ በማላውቀው ድምፅ፣ "አርዲስ" አሉኝ። "ሩቅ ነው?"

ሄልመር ሩስታድ ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። መውጫው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ነው።

"ደርሰናል እኮ" አልኳቸው። "ከመታጠፊያዋ ወዲያ ነው።"

መውጫውን አዩት። ከዚያ "ዋሻው እኮ መታጠፊያ የለውም" አሉኝ።

"አውቃለሁ። ተነስ።"

ክንዳቸውን ያዝኩ። ተነሱ። ጥቂት ሄደን እናርፋለን፤ ጥቂት ሄደን እናርፋለን። ባረፍን ቁጥር "ደርሰናል" እላቸዋለሁ፤ "እንዴት ያለሽ ውሸታም ነሽ" ይሉኛል። ቁልፏ ሳህን አከለች፣ ሳህኗ መስኮት አከለች፣ ከዚያ ዝናቡ ፊታችንን መታው። እንዲያ ያለ ዝናብ ወድጄ አላውቅም።

የመጨረሻው ምሰሶ ጋ ማበጠሪያቸውን ሲያወጡ ጠጠሩ ላይ ወደቀባቸው። አነሳሁና እኔው አበጠርኩላቸው። ብዙ ሥራ አልነበረውም።

ያን ቀን ታች አልቀረሁም፤ ደረጃውን ደግፌ ይዣቸው ወጣሁ። ኦርፋ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። አፏ በአንድ በኩል ዘንበል ብሎ ቀርቷል፤ ቃሏ ግን ዘንበል አላለም።

"ርሰሃል" አለቻቸው።

"ትንሽ አካፍቷል።"

"ቅዳሜ ዋሻው ይዘጋል አሉ።"

"ማን አለ?"

"ነርሷ። በሩን የሚዘጋው ባሏ ነው።" ቆየት አለችና "ክረምቱንስ ሄልመር?" አለች።

"በረዶው መቅለጡ ደርሷል እኮ" አሉ አቶ ሄልመር።

"ገና አልጣለም።"

"ከጣለማ አንድ ነገር ነው፤ ይቀልጣል።"

ኦርፋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። "እስኪቀልጥ እኔ መቆየቴን አላውቅም" አለች። ሳታለቅስ ነው ያለችው፤ ስለ እራት እንደሚያወራ ሰው። አቶ ሄልመር እርጥብ ቆባቸውን በእጃቸው ያዟዙሩ ጀመር። የሚያሳጥሩት አጡ።

ያኔ ነው ያልታሰበበትን ነገር የተናገርኩት።

"ማኅበሩ እኮ በክረምት አይዘጋም" አልኩ። "በክረምት የምንጓዘው በቤት ውስጥ ነው። እዚህ፣ ኮሪደሩ ላይ። ረቡዕ ረቡዕ ዱዌን በማኅበሩ መኪና ያመጣናል።"

አቶ ሄልመር ቀና ብለው አዩኝ። ሞኝ አይደሉም።

"አይ፣ ለኔ ብላችሁማ አትልፉ።"

"ለጤናችን ነው ሄልመር። ቨርሊንም ጉልበቱን ኮሪደር ይሻለዋል።"

"አይ፣ በበረዶ መኪና ማስነዳት ደግ አይደለም።"

"ዱዌን በበረዶ ነው ያደገው። ና እሺ በል።"

"አይ" አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ደህና ነኝ፤ ይመስገን።"

ሦስት። ከጫማዬ የሚፈሰው ውሃ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። በአገራችን ሕግ አሁን ተነስቼ "እንግዲህ ቸር ዋሉ" ማለት ነበረብኝ። ወላጆቼ ያሳደጉኝ እንዲያ ነው። ሰውዬውም እንዲያ ነው ያደጉት፤ በሦስተኛው "እሺ" ማለት ከብዷቸው አለፋቸው፣ አሁን ቃላቸውን መመለስ አይችሉም። ኦርፋ እኔን ታየኛለች።

ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ ጎረቤት ፊት እርቃኔን የቆምኩ መሰለኝ።

"ሄልመር" አልኩ። "ትመጣለህ ወይ?"

አራት።

ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ። ተቆጥተው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና "እንግዲህ ካላችሁ" አሉ፤ ለመስማት በማይመች ድምፅ። ኦርፋ ደህናውን እጇን ዘርግታ የኔን ያዘች። እንግዲህ እኔ በሆልምዴል ታሪክ አራተኛ ጊዜ የጠየቅሁ የመጀመሪያዋ ሴት ነኝ። ከተማው ሰምቶ ጥቂት ሳምንት በጥንቃቄ ሰላም ይለኝ ነበር።

ይህን ስጽፍ ደጁ ሁሉ ነጭ ነው፤ ዋሻውም እንደተዘጋ ነው። ማኅበሩ ግን ይጓዛል። መኪና ሲኖር ሰው አይጠፋም፤ ፓስተሯ እንኳ ረቡዕ የምትጠይቀው የታመመ ሰው እዚያው መጦሪያው ውስጥ ተገኘላት። በካልሲ የሚሄድ አለ፣ በቤት ጫማ የሚሄድ አለ። አቶ ሄልመር ከፊት ናቸው። የወጥ ቤቱ ጋሪ የሚወጣበት በር ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ያፏጫሉ፤ ነርሷ ሁለት ጊዜ ተቆጥታ ሦስተኛው ላይ ተወቻቸው። ትንፋሻቸው የድሮው አይደለም፤ ረጅሙ አጥሯል።

ባለፈው ረቡዕ ኦርፋ ባለ ጎማ መደገፊያዋን ይዛ ከክፍሏ ወጣች። ብዙ አትሄድም። ከበሯ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ መስኮት ድረስ ነው፤ እሱንም በተሻላት ቀን ብቻ፣ የተሻላት ቀን ደግሞ እየቀነሰ ነው። አቶ ሄልመር ጎን ለጎን ይዘዋታል፤ እኔና ቨርሊን ከኋላ ነን። መስኮቱ እዚያው ነው፣ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ። ኦርፋ ቆመች። ተነፈሰች።

"ሄልመር" አለች፣ "ሩቅ ነው?"

አቶ ሄልመር መስኮቱን አዩት። ከዚያ እሷን አዩ። ክንዷን ጠበቅ አደረጉ።

"ገና ነው" አሏት። "ብዙ ይቀረናል። አትቸኩዪ።"

ቨርሊን ሰዓቱን አይቶ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት።